ዕዳ የምትወልድበት አገር

አገሩ የት ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። መንገዱን ብነግራችሁ የምትሄዱበት አይመስለኝም፤ ምናልባትም ሄዳችሁበት ታውቁ ይሆናል። የሰማሁትን እንደሰማሁት ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተው ልተወው።

በዚያ አገር ንጉሡን ያየው ሰው አልነበረም። ጎተራዎቹን ግን ሁሉም ያውቃቸዋል። በየአውራጃው ሰፋፊ በር ያላቸው የንጉሥ ጎተራዎች ቆመው ነበር፤ ከማር እስከ ሐር ቀሚስ፣ ከማረሻ እስከ በቅሎ የሚጠፋባቸው ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ተጋብተው ጎጆ በወጡ ቀን የቤተ መንግሥት ሹም ይመጣና መዳፍ የምታህል፣ የቤቱ ስም የተቀረጸባት ስስ ነሐስ በሙሽራዪቱ አንገት ያጠልቃል። ዋጋ አይጠይቅም። "ንጉሡ አምኗችኋል" ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ነሐሱን ለጎተራ ጠባቂ እያሳዩ የፈለጉትን መውሰድ ነው። የጠባቂዎቹ ሰላምታ "ውሰዱ" የሚል ነበር። ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ባለጌ ይባላል።

አከፋፈሉም ቢሆን የሚያስፈራ አልነበረም። በየወሩ አዲስ ጨረቃ ስትታይ ባለዕዳው እፍኝ አደባባይ ወደሚባለው ስፍራ ይሄድና ለያንዳንዷ ዕዳው በገዛ እጁ አንድ እፍኝ ጨው ይሰፍራል። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው የለም። ሰፍሮ ሲጨርስ አዋጅ ነጋሪው ስሙን ጠርቶ "ታማኝ" ይለዋል። መገበያያቸው ጨው ነበርና እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ይቀናበት ነበር።

ችግሩ ዕዳዋ ወላድ መሆኗ ነው። እኛም አገር ወለድ እንላለን፤ እኛ ግን የያዝነው ቃሉን ብቻ ነው። እነሱ ሥርዓቱን ከነገንፎው ይዘውታል። ወር በገባ በሳምንቱ የዕዳ አዋላጅ የሚባለው ሹም ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ በየቤቱ ይዞራል። ደጃፍ ላይ ቆሞ "ዕዳችሁ በሰላም ተገላግላለች" ሲል ቤተሰቡ እልል ማለት አለበት። ገንፎ ተገንፍቶ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ፈሶበት ይቀርብለታል። ቅቤ የሌለው ከጎተራው ይወስዳል። እልልታው ደከም ካለ "የእንግዴ ልጅ" የሚባል መቀጫ ይጣላል፤ እፍኙን ያዘገየ ሰው ደግሞ "የምጥ" ይከፍላል። የተወለደችውም ዕዳ ታድግና በተራዋ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋን፣ ከጎተራው የተወሰደችዋን፣ "እናቲቱ" ይሏታል። ስለ እናቲቱ መጠየቅ ነውር ነው።

በዚያ አገር አንለይ የሚባል ኮርቻ ሰፊ ይኖር ነበር። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። ትሁን የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። አንለይ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው፤ የሰፋው ኮርቻ ግን የበቅሎ ጀርባ አይልጥም እየተባለ ከሩቅ መንደር ድረስ ይፈለግ ነበር። ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዴት ዕዳ ውስጥ ይገባል እንዳትሉ። አንድ ክረምት በረዶ ጣሪያቸውን ቀዳደደውና ሣሩንም ማገሩንም ከጎተራው ወሰዱ። ከዚያ ኮርቻዎቹን ገበያ የምታደርስ በቅሎ አስፈለገች። ቀጥሎ የአንለይ እናት ሞቱና ለተዝካራቸው ያልተጠራ ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑም ሰንጋውም ጠጁም ከጎተራው ወጣ። ስንዱ ያን ቀን በሰው ፊት ኮርታ ነበር። እኔ አልፈርድባትም።

ከሦስቱ ዕዳዎች በኋላ እጃቸው ለመደ። ጫማ ሲያልቅ ጎተራ፣ እንግዳ ሲመጣ ጎተራ፣ ምንም ሳይጎድል ልብ ሲከፋም ጎተራ። የእነዚህ ዋጋ በሦስቱ ዕዳዎች ላይ ይደመር ነበር። ሕፃን የነበረችው ትሁን አድጋ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ድረስ እንዲህ ኖሩ። በየወሩ ይሰፍራሉ፣ በየወሩ ይወለድላቸዋል፣ በየወሩ እልል ይላሉ።

አንድ ወር ግን ገበያው ቀዘቀዘና ስንዱ የምትሰፍረው ጨው ከቤት አጣች። ወደ ጎተራ ሄዳ ነሐሷን አሳይታ ጨው ወሰደች። ከዚያው አደባባዩን ተሻግራ ሰፈረችው። አዋጅ ነጋሪው ስሟን ጠርቶ "ታማኝ" አላት። ስትመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከንጉሡ ጎተራ የወጣው ጨው ወደ ንጉሡ ጎተራ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች፤ በመሐሉ የተጨመረ ነገር ቢኖር የእሷ ዕዳ ብቻ ነው።  

በሳምንቱ አዋላጁ መጣ። ስሙ ሊቀ አዋላጅ ወንድይራድ ነው። ደልደል ያለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር፤ በአውራጃው ያልበላበት ቤት የለም። እልልታው አለቀና ገንፎው ቀረበ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሣ ስንዱ ጠየቀችው።

"ሊቀ አዋላጅ፣ የተዝካሩ እናቲቱ ምን ያህል ቀርታለች? ስንት ዓመት ሙሉ ስንሰፍርላት ኖርን።"

ሰውዬው ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰው።

"ስለ ልጆቹ ጠይቂኝ ልጄ። የመጣሁት ስለ ልጆቹ ነው። ስለ እናቲቱ መጠየቅ ደግ አይደለም።"

"ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ ጌታዬ?"

"ደህና ናት" አለ። "እንዲያውም እዚህ ቤት ከገባችበት ቀን ይልቅ ወፍራለች። እፍኛችሁ ለልጆቹ ነው የሚሆነው። እሷ ዘንድ አይደርስም።"

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ወደምትፈትለው ትሁን ዞረ።

"ልጅቷም ታጨች ሲሉ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ሕጉን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራ ስትወጣ ከተወለዱት ዕዳዎች ግማሾቹ አብረዋት ይወጣሉ። ነሐሷን እኔው ራሴ ነኝ የማጠልቅላት።"

ገንፎውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መርቋቸው ሄደ።

ስንዱ ገበታውን ሳታነሣ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

"ሰማኸው?"

አንለይ ወስፌውን ከቆዳው ላይ አላነሣም። "ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው።"

"ሁሉም ቤት ስላለ ልጄን ላሸክማት?"

"ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትዪው?"

"ነሐሱን ከአንገቴ ላውልቀው። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አንውሰድ። ያገኘነውን ሁሉ እንስፈር።"

"ሰው ምን ይለናል?"

"የፈለገውን ይበል።"

አንለይ ወስፌውን አስቀመጠ። "እኔ የምፈራው ሰውን ብቻ አይደለም" አለ። "አውልቀን፣ ተርበን፣ ያም ሆኖ የማንጨርሰው ከሆነስ? አሁን ሳንሞክረው አንድ ቀን እንወጣለን እያልኩ እኖራለሁ። ሞክረን ካቃተን ምን እያልኩ ልኖር ነው?"

 "ደክሞኛል አንለይ" ብቻ አለችው።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። እሱም ደክሞት ነበር፤ ቀድሞ የሚናገርለት ሰው አጥቶ ኖሯል። ነሐሱን ራሱ ከአንገቷ ፈታው። በጨርቅ ጠቅልላ ቆጥ ላይ ወረወረችው።

መጀመሪያ በቅሎዋን ሸጡ። የወሰዷትን ያህል አላወጣችም፤ ቢሆንም ከሦስቱ ዕዳዎች ትንሿ የእሷ ነበረችና ከእሷ ለመጀመር ተስማሙ። አንለይ ኮርቻዎቹን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ገበያ መውጣት ጀመረ። ኮርቻ የተጫነ ሰው ብለው ሳቁበት። ስንዱ ለሰው እየፈተለች ጨው ታመጣለች። ሥጋ ቀረ፣ ቅቤ ቀረ፤ ጎመንና ቆሎ ቤቱን ያዘው። እንዲህ ሲያጠራቅሙ ከርመው አንድ ማለዳ ስንዱ በጆንያ ጨው ተሸክማ እፍኝ አደባባይ ደረሰች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት አደባባዩ ላይ ጨው የሚቀበለው ሰፋሪ።

"ጨው ነው።"

"ጨው መሆኑን አይቻለሁ። እፍኝ ግን አይደለም።"

"ከእፍኝ በላይ ነው። የበቅሎዋን እናቲቱን ልጨርሳት ነው የመጣሁ።"

ሰፋሪው ጆንያውን ዞሮ አየው። "ከእፍኝ በላይ የምንቀበልበት ዕቃ የለንም" አለና አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ እሱም ዞሮ አየው። እንዲህ ያለው ነገር የማብቂያ ሹም የሚባል ሰው ጉዳይ መሆኑን ነገራት። የሹሙ ወንበር አደባባዩ ዳር ባለው አዳራሽ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሄዳ ስታይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታበታለች። ሹሙ ከሞተ ቆይቷል። የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ሌላ አልተሾመም።

ከብዙ ምክር በኋላ ጨውን እፍኝ በእፍኝ ትስፈረው፣ እያንዳንዷም እፍኝ እንደ አንድ ወር ትቆጠር፣ ከልጆቹ የተረፈውም ለእናቲቱ ይግባ ተባለ። ስንዱ ተንበርክካ መስፈር ጀመረች። እያንዳንዷን እፍኝ ስታፈስስ አዋጅ ነጋሪው ስሟን ጠርቶ "ታማኝ" ማለት ግዴታው ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ድምፁ ሻከረ። ስታዘቀዝቅ ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የስንዱ መዳፍ በጨው ተሰነጣጥቆ ደም አወጣ። የጆንያውን ቂጥ አራግፋ ስትነሣ ወገቧን ይዛ ነው።

ዕዳ ስትሞት ደግሞ ለቅሶ መቀመጥ ሕግ ነው። ባልና ሚስት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሊቀ አዋላጅ ወንድይራድ ጥቁር ለብሶ መጣና ደጃፉ ላይ አለቀሰ፤ ሥራውን ያውቃል፣ እውነተኛ እንባ ነው የሚያፈሰው። ጎረቤትም "እግዜር ያጽናችሁ" እያለ ገብቶ ወጣ። ከጎተራው አንድ ማድጋ ማርና አንድ ጣቃ ጨርቅ "መጽናኛ ነው፤ ነሐሱን ብቻ አሳዩን" ተብሎ ተላከ። ስንዱ መለሰችው። ይህን ያዩ ሴቶች ሲወጡ አንጀቷ ደንድኗል እያሉ ተንሾካሾኩ።

ትሁን በዚህ ሁሉ መሐል ኩርፍ እንዳለች ነበር። እኩዮቿ ለበዓል አዲስ ሲለብሱ እሷ የተጣፈውን ለበሰች። ጸጉሯ ቅቤ ካየ ቆየ። አንድ ቀን ውኃ ቀድታ እንስራዋን ካወረደች በኋላ ተናገረች።

"እማዬ፣ ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እኔ ወደፊት ብቻ አይደለም የምኖረው፤ አሁንም እየኖርኩ ነው።"

ስንዱ እውነቷን ነው ብላ አሰበች። 

በሁለተኛው ዓመት የእጮኛዋ የይርጋ እናት ሊጠይቋቸው መጡ። የትሁንን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አይተው ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ይህ አንለይን ገደለው። በሳምንቱ ስንዱ ፈትሏን አድርሳ ስትመለስ ትሁን ጠርዙ በወርቅማ ክር የተሠራ የሐር ቀሚስ ለብሳ ቤት መሐል ቆማለች። ስንዱ ቆጡን ቀና ብላ አየች። ጨርቁ ተፈትቷል።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው" አለ አንለይ።

"ስንት ነው?"

"ታውቂ የለ፤ አይጠየቅም እኮ።"

"አዎ። አይጠየቅም።"

ወደ ምድጃው ዞራ እሳቱን ማያያዝ ጀመረች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። የቀረበው ራት ሳይነካ ተነሣ። አንለይ ኮርቻው ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ፤ እየሰፋ አልነበረም።

ጎተራው የሰጠውን አይመልስም። ትሁን ግን በገበያው ቀን ቀሚሱን አጣጥፋ ወጣች፤ ስትመለስ ባዶ እጇን አልነበረችም። ያመጣችውን ጨው እናቷ ፊት አስቀመጠች። ከግማሽ ዋጋው አይበልጥም።

"ለብሼው ወንዝ ወረድኩ" አለች። "ሁሉም አማረብሽ አሉኝ። እኔ ግን ቆሜ የማስበው አባዬ ለዚህ ቀሚስ ስንት ወር ጎንበስ ብሎ እንደሚሰፋ ነበር። ሊያምርብኝ አልቻለም።"

ከዚያ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጠፍር መቅደድ እንዲያስተምራት ጠየቀችው። አንለይ ቢላውን ሰጣት። ስንዱ ይቅር አልኩህ አላለችውም፤ በማግስቱ ግን ነሐሱን እሱ የማያውቀው ቦታ እንድትደብቀው ራሱ ሲለምናት እሺ አለችው።

የቀሚሱ ዕዳ ከነልጆቿ አንድ ዓመት በላችባቸው። የተዝካሩ እናቲቱ ቀጥላ ሞተች። የመጨረሻዋ የጣሪያው ነበረች፤ አሮጊቷና ወፍራሟ እሷ ናት። እሷ ስታልቅ ጣሪያው ቀድሟት አልቆ ነበር። ዝናብ እያንጠባጠበባቸው መሬት ላይ የመጨረሻውን ለቅሶ ተቀመጡ። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩን ራሳቸው አጭደው፣ ራሳቸው ከደኑት።

ነሐሱን ሊመልሱ ወደ ጎተራው ሲሄዱ የሚቀበል ጠፋ። "በሩ መስጫ ነው" አላቸው ወንድይራድ። "መቀበያ የለውም። ያዙት፤ ለክፉ ቀን ይሆናችኋል።" አንለይ ቤቱ ወስዶ ቀጠቀጠውና የመቀነቻ ዘለበት አደረገው፤ ለአንድ ነጋዴ ከኮርቻ ጋር ሸጠው።

ደስታ ይመጣል ብለው ጠበቁ። የመጣው እንቅልፍ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ እየፈቱ ተኙ። ስንዱ ስትነቃ አዲስ ጨረቃ ወጥታ እሷ እንዳልቆጠረቻት አስተዋለች። 

የትሁን ሠርግ ትንሽ ነበር። አንድ በግ፣ የቤት ጠላ፣ የቅርብ ዘመድ። የይርጋ እናት ዳስ አለመጣሉን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። ጭፈራው ሳይሟሟቅ ሊቀ አዋላጅ ወንድይራድ በቀይ ክር የተንጠለጠለች አዲስ ነሐስ ይዞ ገባና ሙሽራዋ ፊት ቆመ።

"ጎንበስ በዪ ልጄ።"

ትሁን ቀጥ ብላ ቆመች። "ይቅርብኝ ጌታዬ።"

"ይህ ይቅርብኝ የሚባል ነገር አይደለም። የንጉሡ እምነት ነው።"

"ንጉሡ አያውቀኝም። እንዴት አድርጎ አመነኝ?"

ከበሮው ቆመ። ወንድይራድ ወደ ሙሽራው ዞረ። ይርጋ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ መዳፉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ልጅ።

"አንተስ? ቤትህ ባዶ ነው። ምን ልታበላት ነው?"

ይርጋ አባቱን አየ። አባቱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

"ያለውን" አለ ይርጋ።

ሕጉ አንገት በፈቃዱ ካልጎነበሰ ነሐስ አይጠለቅበትም ይላል። እስከዚያ ቀን ያልጎነበሰ ስላልነበረ ይህን የሕጉን ክፍል የሚያስታውሰው ወንድይራድ ብቻ ነበር። ክንዱ እስኪዝል ድረስ ነሐሷን ከፍ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ክሩን ጠቅልሎ ወጣ። ይርጋ የሚስቱን እጅ ያዘ፤ ስንዱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ኑሮው አማረላቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። በዚያ አገር ነሐስ የሌለው ሰው ስም የለሽ ይባላል። ዘበኞቹ በዋናው የገበያ በር አያሳልፉትም፤ በከብት በር ነው የሚገባ። ዕዳ የሌለበትን ሰው ምን ብለን እናምነዋለን ይሉ ነበር። አንለይና ስንዱም ከበጎች ጋር እየተጋፉ ገቡ፣ ከበጎች ጋር እየተጋፉ ወጡ። ከሚሸጠው ኮርቻ ሁሉ ጥቂት ጨው እየቀነሱ በገንቦ ያስቀምጡ ነበር። ጎተራው በር ላይ ሲያልፉ ጠባቂው "ውሰዱ" ይላቸዋል። አንዳንድ ቀን የማር ሽታው እግራቸውን ይይዘው ነበር። ይህ ስሜት ይተወናል ብለው ነበር፤ አልተዋቸውም። እያለፉት መሄዱን ብቻ ለመዱ።

በሦስተኛው ክረምት አንለይ ከገበያ ሲመለስ ጭቃ አንሸራተተውና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው ጠግኖ አሰረለት፤ ክፍያው ከገንቦው ወጣ። ለአልጋው ቀን የሚበላውም ከገንቦው ወጣ። ትሁንና ይርጋ የቻሉትን ያህል እህል አመጡ፤ እነሱም ገና ጀማሪ ናቸው። ስንዱ እጇን ገንቦው ውስጥ ስትከት ጣቶቿ ታችኛውን ሸክላ የነኩ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ወንድይራድ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወደዚያ ቤት ከመጣ ቆይቶ ነበር። ከሲታ ሆኗል። በእጁ የያዛት ነሐስ በወርቅ የተቀባች ናት።

"የአንለይን መሰበር ሰማሁ" አለና ገብቶ ተቀመጠ። "ለተቸገረ የወጣች ናት። በመጀመሪያው ዓመት አትወልድም።"

አንለይ አልጋው ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስንዱ ነሐሷን ብዙ አየቻት። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እጇ ተዘርግቶ ነበር። ባዶውን ገንቦ፣ የታሰረውን እግር፣ ገና ያልወጣውን ክረምት ሁሉ አሰበች። ከዚያ እጇን ነጠላዋ ውስጥ መልሳ አስገባች።

"አልፈልግም ሊቀ አዋላጅ።"

"ምን ልትበሉ ነው?"

"አላውቅም። እሱ ተቀምጦ መስፋት ይችላል። እኔ እፈትላለሁ።"

ወንድይራድ እንደሚነሣ ሰው ተንቀሳቀሰና አልተነሣም። ምሳ ሰዓት አልፏል። ስንዱ ድስቱን ከፈተች፤ የቀረውን ጎመን ከፍላ አቀረበችለት። ቅቤ የለውም። ቀና ሳይል በላ፤ ሰሐኑን እስኪጠርግ ድረስ በላ። ከዚያ ሻሹን ፈታና የካባውን አንገት ገለጥ አደረገ። በገመድ የታሰሩ ነሐሶች አንገቱን ከበውታል፤ ገመዱ የቆየበት ቆዳ ጠቁሯል።

"ለሹም የሚሰጠው ብዙ ነው" አለ። "ካባውም፣ ሻሹም፣ ይህን ሥራ ያገኘሁበት እጅ መንሻም ከጎተራው ነው። እኔ ቤት የሚያዋልደው ከሌላ አውራጃ የሚመጣ ሰው ነው። ገንፎ ገንፋልኝ ይለኛል።" ካባውን መልሶ ዘጋ። "ስንት ሰው ቤት ለዕዳ አልቅሻለሁ። ለእኔ አንድም ቀን አልተለቀሰልኝም።"

 ስንዱ ስትጠላው የኖረችው ሰው ነው።

"ከየቷ ነው የሚጀመረው?" አላት።

"እኛ ከትንሿ ጀመርን" አለችው። "ከዚያ በፊት ግን ምንም አለመውሰድ ነው። እሱ ነው የሚከብደው።"

ራሱን ነቀነቀ። ሻሹን መልሶ ሊጠመጥም ጀመረና ተወው፤ በእጁ እንደያዘው ወጣ። በወርቅ የተቀባችውን ነሐስ መደቡ ላይ ረስቷት ነበርና ስንዱ ተከትላው ደጃፍ ድረስ ሄዳ ሰጠችው። ተቀበላት።

ስትመለስ አንለይ ፊቱን ከግድግዳው አዙሮ ይጠብቃት ነበር።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

"ምን ሆኖ ነው?"

ስንዱ ባዶውን ሰሐን አነሣች። "ርቦት ነበር" አለች።

አንለይ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ የተሰበረውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስተካከለ።

"እስቲ ቆዳውን አቀብዪኝ" አላት።